በሣር መካከል የተጣለ እንቁላል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ስለ ወፍ ነው ሲባል ከኋላ ወንበር ሳቅ መሰማቱ አይቀርም። አገር በብዙ ጭንቅ ላይ ሳለች ስለ ወፍ ጎጆ ማውራት የጥጋብ ወሬ ይመስላልና። ነገር ግን የያዝሁት ጉዳይ የወፍ ብቻ አይደለም፤ የጨፌና የከብት፣ የእረኛና የሩዝ ማሳ ጉዳይ ነው። ይልቁንም እኛ ተማሪዎች በየክረምቱ «በጎ ፈቃድ» እያልን የምንሠራውን ሥራ የሚነካ ነው። በዚህ ሥራችን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝና ቦታው ሲደርስ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ ሲደርስ ብርዱም ዳገቱም ከኋላው ይቀራል፤ ከፊቱም የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ያገኛል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፣ ሜዳው ግን ከ1,800 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት የደጋውን አፈር ተሸክመው ይወርዱና ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት በዚሁ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ውሃው በተኛበት ቀጠማው፣ ፊላውና ሙጃው ያድጋል። የፎገራ ላም ስሟ የተጠራው ይህን ሣር በልታ ነው። እንግዲህ የዛሬዎቹ ወፎቼም እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዚሁ ሣር ውስጥ ነው።

እግራቸው ረጅም ነው። ከእኛ መካከል ብዙው ሰው እግረ ረጅም ወፍ ያየ እንደሆነ «ሽመላ» ብሎ ያልፋል። የአዕዋፍ ተመራማሪዎች ግን ክሬን የሚሉት ወገን ከሽመላ የተለየ ነው። አብዛኛው ሽመላ ዛፍ ላይ ጎጆ ሲሠራ፣ ክሬን የሚወልደው ከመሬት ላይ፣ ያውም ከረግረግ መካከል ነው። በጣና ዙሪያ የሚራቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባለዘውዱ ጥቁር ክሬን ነው፤ በራሱ ላይ እንደ ወርቅ ጭድ የቆመ ጉትዬ አለው። ዘመዱ የሆነው ግራጫው ባለዘውድ በዩጋንዳ ባንዲራ መካከል ቆሞ ይታያል። ሁለተኛው ባለጉትቻው ክሬን ሲሆን ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ጉትቻ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል፤ በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ በቁመት የሚበልጠውም እርሱ ነው። ከእነዚህ ሌላ በጥቅምትና በኅዳር ከፊንላንድ፣ ከኤስቶኒያና ከሩሲያ የሚመጡ ግራጫ ክሬኖች በብዙ ሺህ ሆነው በሜዳው ላይ ይሰፍራሉ። እነርሱ ግን የበጋ እንግዶች ናቸው፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በአገራቸው ነው። እንግዳው በብዛቱ ዓይን ይስባልና ፎቶግራፍ አንሺው ሁሉ ወደ እርሱ ይሮጣል፤ ባለቤቱ ግን በዝምታ እያለቀ ነው።

እየመነመነ ለመሆኑ ምስክር አለ። ባለዘውዱም ባለጉትቻውም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለጥፋት ከተጋለጡት ተርታ የተጻፉ ናቸው። የኢትዮጵያው ባለጉትቻ ደግሞ ከዛምቢያና ከቦትስዋና ወገኖቹ ተነጥሎ በደጋችን ብቻውን የቀረ፣ በጥቂት መቶ የሚቆጠር ነው። እዚህ ቢጠፋ ከዚያ መጥቶ የሚተካው የለም።

አሁን የአወላለዱን ነገር ልብ በሉልኝ። ባለዘውዱ ክሬን ሣርና ቀጠማ ነቅሎ ጥልቀት በሌለው ውሃ መካከል እንደ መደብ ያለ ጎጆ ይሠራል። ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥልና ተባዕቱና እንስቷ እየተፈራረቁ ለአንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቱ በተፈለፈለ በማግሥቱ በእግሩ ይወጣል፤ ለመብረር ግን ከሁለት ወር የማያንስ ጊዜ ይፈልጋል። ባለጉትቻው ከዚህም የባሰ ነው፤ የሚጥለው አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ሲሆን፣ ሁለት ቢጥል እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚያሳድገው አንዱን ብቻ ነው፤ ያም ጫጩት እስኪበር ሦስትና አራት ወር ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ ወፍ በአንድ ዓመት አንድ ጎጆ ቢረገጥበት እንደ ዶሮ በሳምንቱ ሌላ ጥሎ አይክስም። የዓመቱ ልፋት በአንድ የበሬ ሰኮና ሥር ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነውም በክረምት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ማሳው ሁሉ በእህል የተያዘ ስለሆነ ከብት ወደ ማሳ አይገባም። ታዲያ ከብቱ የት ይሂድ? የቀረለት ያልታረሰው ጨፌ ብቻ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚሰበሰበው ወፏ እንቁላሏን ታቅፋ በተኛችበት ወርና ቦታ ነው። የቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13፣ ልጆች ጅራፋቸውን ሲያጮኹ በዚያው ሰሞን ጫጩቷ በፊላው ውስጥ ተለጥፋ ትሰማለች። የወፏን ጎጆ በዚህ ወቅት በየቀኑ የሚያይ ሰው ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ የወረዳው ባለሙያ አይደለም፤ ከውጭ አገር የመጣው ተመራማሪም አይደለም። የአሥር ዓመቱ እረኛ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው በዚህ ልጅ እጅ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በጣም ጥቂት ሰው ነው ልጁን የጠየቀው።

ስለ ሜዳው መለወጥም ጥቂት ልበል። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ጋር ሆነው ካስጀመሩት በኋላ ተስፋፋ። ዛሬ ወረታ ላይ አገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል። ሩዝን መርገም ከእኔ አይጠበቅም። ቀድሞ ጎርፉ ጤፉን ሲያበሰብስበት የነበረው ገበሬ ያንኑ ጎርፍ እንጀራው ያደረገለት ሩዝ ነውና። ነገር ግን ሩዝ የሚወደው ክሬን የሚወደውን መሬት ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራል፤ ጣና በበጋ ሲሸሽ የተገለጠው ዳርቻ ይታረሳል፤ በውሃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርት ይለማል። ከወንዙ ዳር የሚሠራው የጎርፍ መከላከያም ውሃው ወደ ረግረጉ እንዳይተኛ ያደርገዋል። በፎገራ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ሁለት ረግረጎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከ1,500 ሄክታር በላይ የነበረው ሸሸር በ2008 ከ150 ሄክታር በታች ሆኖ ተለክቷል። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሰማ ሰው «ገበሬው አጠፋው» ለማለት ይቸኩላል። እኔ አልቸኩልም። አባቱ ካረሰው መሬት ለአምስት ወንድማማች የሚካፈለው ቤተሰብ ከጨፌው ጥማድ ሲቆርስ ክፋት ሳይሆን ሒሳብ ነው የሚሠራው። ገበሬው «ወፏ ታበላኛለችን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልስ ሳንይዝ ልንቀርበውም አይገባንም።

መልስ የተገኘበት አገር ግን አለ፤ ሩቅም አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በርጋ የሚባል ጨፌ አለ። በዚያ ጨፌ በክረምት ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ነጭ ክንፍ ያላት የረግረግ ወፍ ትወልዳለች፤ በመላው ዓለም የቀሩት እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ገብታለች። እርሷም እንደ ክሬኖቹ መሬት ላይ ነው የምትወልደው፤ ጠላቷም ያው የከብት ሰኮና ነው። በርጋ ላይ መገኘቷ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጦ መከረ። አጥር አጥሮ ጠመንጃ ያዥ ዘበኛ አላቆመም። ገበሬዎቹ ራሳቸው የወፍ ወዳጆች ኅብረት አቋቁመው በመራቢያው ወራት ከብታቸውን ከጨፌው ለማራቅ ተስማሙ፤ በደቡብ አፍሪካ ያሉ የዚያችው ወፍ ወዳጆችም እየረዱ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ተሠራ። እኔን የሚገርመኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ስለ ወፍ ሊያወሩ የመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሰሙት የልጆቹን ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ከብት ለጥቂት ሳምንታት ሲርቅ ሣሩ ያድጋል፤ ያደገው ሣር ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ገበሬው የሰጠው ትዕግሥት በበጋ ከጎተራው አጠገብ ተከምሮ ይታያል።

«ይህ የፈረንጅ ብልሃት ነው» የሚል ቢኖር ወደ መንዝ ይሂድ። የመንዝ ሰዎች ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ መቶዎች ዓመታት አልፈዋል። ሣሩ እስኪበስል ድረስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎቹ ሲፈቅዱ ደግሞ ሁሉም በሥርዓት ገብቶ ያጭዳል፤ ያጠፋ ይቀጣል። ሥርዓቱ የተናጋው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ቀጥሏል። እንግዲህ ሣርን ከልክሎ በጊዜው መክፈት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በፎገራ የሚጠየቀውም የመንዝን ያህል አይደለም። ሜዳው በሙሉ ለዓመታት ይዘጋ ያለ ሰው የለም፤ ጎጆ ያለበት ጥግ ለሁለትና ሦስት ወር ይከለል ነው የሚባለው።

ሌላው ዓለም ከእኛ ቀድሞ የሞከረው ነገርም አለ፤ ከስኬቱ ይልቅ ጉድለቱ ያስተምረናልና ልንገራችሁ። በኔዘርላንድ በተለይ ፍሪስላንድ በሚባለው ክፍል፣ በከብት ማሰማሪያ ሜዳ ላይ የሚወልዱ እግረ ረጃጅም ወፎች አሉ። በየዓመቱ በፀደይ ብዙ ሺህ በጎ ፈቃደኞች በገበሬው ፈቃድ ሜዳውን እየዞሩ ጎጆ ይፈልጋሉ፤ ባገኙበት አጠገብ ቀጭን እንጨት ይተክላሉ፤ ገበሬውም በማጨጃ መኪናው ሲመጣ እንጨቱን አይቶ ዞሮ ያልፋል። ለዚህም መንግሥት ለገበሬው ካሳ ይከፍላል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ወፎች ዋነኛው፣ ጅራተ ጥቁሩ፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ምክንያቱም እንቁላሉ ቢድንም ጫጩቱ ተፈልፍሎ ሲወጣ የሚደበቅበት ረጅም ሣርና የሚለቅመው ነፍሳት የለም፤ ሜዳው ውሃው ተመጥጦ፣ ማዳበሪያ ጠጥቶ፣ ቶሎ ቶሎ እየታጨደ ነውና። ጎጆውን አድኖ ጨፌውን ማጣት ማለት ይህ ነው።

ስለ እንጨቱም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ በጎጆ አጠገብ ምልክት ማቆምን እኔ አልደግፍም። በሰው በተሞላ ሜዳ ላይ የተተከለ እንጨት እንቁላል ለሚፈልግ ልጅ መንገድ መሪ ይሆናል፤ በሣር ውስጥ የተረገጠ ዱካም ለቀበሮና ለውሻ እንደ ጎዳና ነው። እረኛው ቦታውን ካወቀው ምልክቱ በልጁ ራስ ውስጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ደረስሁ። በየክረምቱ ለአገልግሎት ስንወጣ የሚሰጠን ሥራ ምንድን ነው? ችግኝ መትከል። ችግኝ መትከል በጎ ነው፤ በተራቆተው የጉና ግርጌ፣ ርብና ጉማራ አፈሩን በሚያጥቡበት ቁልቁለት ሁሉ ዛፍ ቢተከል እኔ መቆፈሪያዬን ይዤ ፊተኛ እሆናለሁ። የደጋው አፈር ከታሰረ የሜዳው ረግረግም በደለል አይደፈንም። ችግሩ ዛፍ የሌለበትን መሬት ሁሉ «ጠፍ መሬት» ብለን መዝገባችን ነው። ጨፌ ጠፍ አይደለም። ጨፌ ዛፍ የሌለው ውሃ ስለተኛበት ነው፤ ከዳርቻው ባሕር ዛፍ የተከልንበት እንደሆነ ዛፉ ውሃውን ይጠጣል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ የፎገራ ላምም ክሬኑም አብረው ይሰደዳሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን ዘመቻ ስንት ችግኝ እንደ ተከልን ከመቁጠራችን በፊት የት እንደ ተከልን እንጠይቅ። (በሜዳው ላይ ለብቻው የቆመውን ያረጀ ሾላ ወይም ዋርካ ግን አትንኩብኝ። ከክሬን ወገን ሁሉ ዛፍ ላይ ማደር የሚችሉት ባለዘውዶቹ ብቻ ናቸው፤ የኋላ ጣታቸው ረጅም ነውና ቅርንጫፍ ይጨብጣሉ። ማደሪያቸው ይህ አሮጌ ዛፍ ነው።)

በጎ ፈቃድ በዚህ አካባቢ ያለ ጭብጨባ ምን ያህል እንደሚሠራ በእምቦጭ ዘመን ታይቷል። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ፣ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ገበሬዎች ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው በእጃቸው ነቅለዋል፤ ከየከተማውም ወጣቶች መጥተው አግዘዋቸዋል። ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሕያው ከባቢ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙ ተጨብጭቧል፤ መዝገቡ ግን አረም አይነቅልም፤ ከብትም አይመልስም።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልሉ የደረሰው ግጭት ደግሞ አንድ ነገር አስተምሮናል። መንገድ ሲዘጋና እንግዳ ሲፈራ ከሩቅ የሚመጣ ጠባቂ አይገኝም፤ በዚያው ተወልዶ በዚያው የሚኖር ሰው ግን አለ። ስለዚህ ማኅበራችን መኪና ተከራይቶ ሠላሳ ተማሪ ጭኖ እንዲወርድ አልጠይቅም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ጉዞ ወፏን ከማስበርገግ በቀር የሚሠራው የለም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከእኛ መካከል ቤታቸው በፎገራ፣ በደራ ወይም በሊቦ ከምከም የሆኑ አሉ፤ በክረምት ዕረፍት ወደ ቤታቸው መግባታቸው አይቀርም፤ የዕረፍቱም ወራት የወፏ የመታቀፊያ ወራት ናቸው። እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ከሠፈራቸው እረኞች ጋር ይቀመጡ። «ባለዘውዷን ዘንድሮ አይተሃል? ስንት ናቸው? ከአምናው ይበዛሉ ወይስ ያንሳሉ? የት ተኙ? ውሃው የቆመው እስከ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ በደብተር ይጻፉ፤ ወደ ጎጆው ግን ራሳቸው አይጠጉ። የልጁንም ቃል እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ምስክር ቃል ይያዙት። ጎጆ ያለበት ጥግ ሲታወቅ የመንደሩን አባቶች ቀርበው ከብቱ ለዚያ ወራት ወዲያ ይዙር እንደሆነ ይለምኑ፤ ዕድሩና የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ለዚህ ከማንኛውም ቢሮ ይሻላል። ልመናውም ባዶ እጅ አይሁን። የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን ስለ ድርቆሽ አያያዝና ስለ ከብት በሽታ የሚያውቁትን ይዘው አብረው ቢቀመጡ፣ ገበሬው ለተወው ሳር በዚያው ቀን አንድ ነገር አግኝቶ ይመለሳል።

ክቡራን መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከየሠፈሩ የሚመጣው ደብተር በአንድ መዝገብ ተገልብጦ በየዓመቱ እየተነጻጸረ ቢቀመጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለጥናት የሚበቃ ነገር ይሆናል። በባሕር ማዶ መጽሔት ላይ ስለ ጣና ክሬኖች የሚወጣውን የምናነበው እኛው ነን፤ ከሥሩ የእረኛው ስም ቀርቶ የመንደሩ ስም እንኳ የሚገኝበት ጥቂት ነው። በእኛ መዝገብ የተናገረው ልጅ የሠፈሩ ስም በየገጹ ይጻፍ። የጎጆው ቦታ ግን በዚህ ጋዜጣ ላይ አይታተም።

ደብተር የሚወስዱ ሰዎች ስማቸውን እስከ ሰኔ መጀመሪያ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ። ከደጋው ከፋርጣና ከጋይንት የሆናችሁም አትቅሩ፤ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነ፣ ከሣር ላይ የሚወልድ ሌላ እግረ ረጅም ወፍ አለና ስለ እርሱ የተጻፈው ከክሬኑም ያነሰ ነው።